የቼይን ሊንክ አጥር ዕቃ ሲያጥር፦ ምክንያቱና መፍትሄው

ቼይን ሊንክ በጥቅል የሚሸጥ የተጠላለፈ የሽቦ መረብ ነው፤ ሲታጠር ዕቃው የሚያጥርበትን ሁሉ በአንድ ቦታ ስሌት እንየው። ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ ያለ 38 በ22 ሜትር ቦታ እንበል። ዙሪያው 120 ሜትር፣ በአጭሩ ጎን መሃል ላይ 3.5 ሜትር በር፣ የመረቡ ከፍታ 1.5 ሜትር፣ ቋሚ በየ2.5 ሜትሩ።

ሽቦው አለቀ፣ አጥሩ ግን በሩ ጋ አልደረሰም

ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። ወረቀት ላይ ምንም አይጎድልም፦ ከ120 የበሩን 3.5 ስንቀንስ 116.5፣ ለአንድ ጥቅል ርዝመት ለ25 ሲካፈል 4.66፣ ስለዚህ 5 ጥቅል ይገዛል፤ 8 ሜትር ተኩል ይተርፋል ተብሎ ይታሰባል። መጨረሻ ላይ ግን ከአንድ ሜትር በላይ ክፍት ይቀራል። ወዲያው ጣት ሠራተኛው ላይ ይቀሰራል፤ ቆርጦ ጣለው፣ ሸጠው ይባላል። ከጉድለቱ ትልቁ ክፍል ግን ጥቅሉ ከሱቅ ሲወጣም ነበረ።

ቼይን ሊንክ እንደ ሹራብ ነው፤ በርዝመቱ ሲጎተት ቁመቱ ይሸሻል። ተለጥጦ ተለክቶ «25 ሜትር» የተባለ ጥቅል በተፈጥሮ አቋሙ 25 አይሆንም። ማወቂያው ቀላል ነው። መሬት ላይ ሳትጎትቱ ዘርጉትና 10 ዓይን (የመረቡን ቀዳዳ) በአግድም፣ 10 ዓይን በቁም ለኩ። ከሽቦ መሃል እስከ ሽቦ መሃል 5 ሳ.ሜ. የሆነ መረብ በሁለቱም በኩል ወደ 71 ሳ.ሜ. መስጠት አለበት። አግድሙ 75 ከሆነ ቁሙ 66 ይሆናል። ያ ማለት 25 ሜትር የተባለው በትክክለኛ ቅርጹ 23.6 ነው፤ 25 አድርጋችሁ ከወጠራችሁት ደግሞ 1.5 የነበረው ከፍታ 1.4 ላይ ይወርዳል። በስንት ሜትር እንደተለካ ከመከራከር ዓይኑን መቁጠር ይሻላል፦ በዚህ መጠን 25 ሜትር ማለት በአንድ መስመር 354 ዓይን ነው። ዓይን አይለጠጥም።

ሁለተኛው ማጣሪያ ሚዛን ነው። በ2.5 ሚሊ ሽቦና በ5 ሳ.ሜ. ዓይን የተሠራ፣ 1.5 በ25 ሜትር የሆነ ጥቅል ከ58 ኪሎ ማነስ የለበትም። በ2 ሚሊ ሽቦ የተሠራው ወደ 37 ኪሎ ነው። ሁለቱ በዓይን ብቻ ሲታዩ አይለዩም፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ የ2.5ቱ ነው። ፕላስቲክ የለበሰ ከሆነ ጫፉን ልጣችሁ ውስጡን ብረት በካሊፐር ለኩ። ከነፕላስቲኩ 3 ሚሊ የሚሞላ ሽቦ ልቡ 2 ሚሊ ሊሆን ይችላል። በጌጅ የሚሸጥላችሁ ካለ ደግሞ ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው እንደሚቀጥን አትርሱ፤ 12 ጌጅ 2.64 ሚሊ፣ 14 ጌጅ 2.03 ሚሊ ነው።

ሌላው መረብ የሚባክንበት መገጣጠሚያው ነው። ሁለት ጥቅሎችን 30 ሳ.ሜ. ደርቦ በማሰሪያ ሽቦ መጠፍነግ ብልሹ ሥራ ነው፤ 5 ጥቅል 4 መጋጠሚያ አለው፣ 1.2 ሜትር ባከነ። ትክክለኛው ከአንዱ ጥቅል ጫፍ አንዱን ጠመዝማዛ ሽቦ እያዞሩ ማውጣትና ሁለቱን ጫፎች አቀራርቦ በመሃላቸው እያዞሩ መልሶ ማስገባት ነው። ምንም አይባክንም፣ መጋጠሚያውም አይታይም።

የመጨረሻው ምክንያት ቁልቁለቱ ነው። የቦታው ካርታ ላይ ያለው ልኬት አግድም ልኬት ነው፤ መረቡ ግን ተዳፋቱን ይዞ ይሄዳል። በ10 ሜትር 2 ሜትር የሚወርድ መሬት ርዝመቱን በ2 በመቶ ብቻ ይጨምራል፤ ሁለቱ 38 ሜትር ጎኖች ቁልቁል ከሆኑ 1.5 ሜትር ማለት ነው። ሰው ሁሉ ጉድለቱን በቁልቁለቱ ያሳብባል እንጂ ድርሻው ይቺው ናት።

አሁን ደምሩት። 5 ጥቅል በ23.6 ሲባዛ 118 ሜትር፣ ድርቡ ሲቀነስ 116.8፤ የሚያስፈልገው ደግሞ 118። የጎደለው 1.2 ሜትር፣ ልክ በድርቡ የባከነውን ያህል! ስለዚህ እንዲህ ሲያጋጥም ስድስተኛ ጥቅል ለመግዛት መርካቶ አትሩጡ፤ ድርቦቹን ፍቱና በጠመዝማዛው አጋጥሙ። በማጠንጠኛ ስቦ ማድረስ ግን በፍጹም አይሞከር፤ ከሥር ውሻ የሚያሾልክ ክፍተት ይፈጠራል።

ሁለት ቋሚ ጎደለ

120 ለ2.5 ሲካፈል 48 ነው ብሎ የገዛ ሰው ሁለት ይጎድለዋል። እያንዳንዱ ጎን ለብቻው ነው የሚካፈለው፣ ቁራጭ ሲኖር ወደ ላይ ይሞላል፦ 38ቱ 16 ክፍል፣ ሌላው 38 16፣ 22ቱ 9፣ በሩ ያለበት ጎን ከበሩ ግራና ቀኝ 4 እና 4። 49 ክፍል ሆነ፤ የበሩን ሁለት ቋሚዎች ጨምሮ 50 ቋሚ ይፈልጋል። ከእነዚህ ስድስቱ (4 ማዕዘን፣ 2 በር) ወፈር ያለ ብረት ናቸው።

ቱቦላሬው ከታሰበው እጅግ በዛ

ቱቦላሬ (ለቋሚ የሚሆነው ውስጡ ክፍት ብረት) በ6 ሜትር ነው የሚመጣው። 2.1 ሜትር ቋሚ ካዘዛችሁ ከአንዱ ሁለት ብቻ ይወጣል፣ 1.8 ሜትር ቁራጭ ይቀራል፤ ለ44ቱ ቀጭን ቋሚ 22 ቱቦላሬ ትከፍላላችሁ። 2 ሜትር ብታደርጉት ሦስት ይወጣል፣ 15 ይበቃል። 1.5 መረብ፣ 5 ሳ.ሜ. ከመሬት ማንሻ፣ 45 ሳ.ሜ. በአርማታ ውስጥ፤ ልክ 2 ሜትር። ለአሥር ሳ.ሜ. ሰባት ቱቦላሬ መጣል ሞኝነት ነው። መረቡ በደረጃ የሚወርድ ከሆነ ግን ይሄ አይሠራም፤ በ10 ሜትር 2 በሚወርድ መሬት ላይ እያንዳንዱ ክፍል 50 ሳ.ሜ. ስለሚዘል ቋሚውም ያንን ያህል ይረዝማል።

ውፍረቱንም መዝኑ። 40 በ40 ሚሊ የሆነ 2 ሚሊ ቱቦላሬ 6 ሜትሩ ወደ 14 ኪሎ ነው፤ 10 ተኩል ከሆነ 1.5 ሚሊ ሸጠውላችኋል፤ ብየዳ ላይ እንደ ወረቀት ይበሳል።

ሲሚንቶ መንገድ ላይ አለቀ

ምክንያቱ ጉድጓዱ ነው። 30 በ30 በ50 ሳ.ሜ. ተብሎ የታሰበው ጉድጓድ 0.045 ሜትር ኩብ ይወስዳል። መሃል ከተማ ላይ ዶማው የድሮ ቤት የድንጋይ መሠረት ሲያገኝ ጉድጓዱ 40 በ40 በ60 ይሆናል፤ 0.096 ነው፣ ከእጥፍ በላይ። ለ44 ትንሽና (ለስድስቱ ወፋፍራም ቋሚዎች) ለ6 ትልቅ ጉድጓድ 2.56 ሜትር ኩብ፣ በሜትር ኩብ 320 ኪሎ ሲሚንቶ ሲታሰብ 8.2 ኩንታል ይበቃል፤ ሁሉም ጉድጓድ ከሰፋ 15 ኩንታል ያልፋል። ስለዚህ ሲሚንቶ ከማዘዛችሁ በፊት አምስት ስድስት ጉድጓድ አስቆፍሩና ትክክለኛውን ስፋት ለኩ። የውሃ ቱቦ ወይም ኬብል ከታየ ዶማው ይቁም፣ ቋሚው ይዛወር፤ በዚያ በኩል አንድ ክፍል ለሁለት ስለሚሰበር መጠባበቂያ ቋሚ ያዙ።

አጥሩ ሆዱን ነፋ፣ የማዕዘኑ ቋሚ ዘመመ

ደጋፊ (ቋሚውን በሰያፍ የሚይዘው ብረት) አልተቆጠረም። ማዕዘን ሁለት ሁለት፣ የበር ቋሚ አንድ አንድ፣ በረጅሞቹ ጎኖች መሃል ሁለት ሁለት፦ 14 ደጋፊ፣ እያንዳንዱ 2 ሜትር፣ 5 ቱቦላሬ። ሁሉም የሚረሳው ደጋፊም ጉድጓድ እንዳለው ነው፤ 14 ጉድጓድ ሌላ 2 ኩንታል ሲሚንቶ ይበላል። አርማታው ሳይደርቅ መረብ መወጠርም ያው ውጤት አለው፤ ቢያንስ 7 ቀን ይጠበቅ፣ ውሃም ይጠጣ።

የቀሩት

አግድም የሚዘረጋው ሽቦ ጎደለ፦ እናንተ በሜትር አስባችሁ ሱቁ በኪሎ ስለሚሸጥ ነው። ሦስት መስመር ከነመጠምዘዣው 400 ሜትር ያህል፣ በ3 ሚሊ ሽቦ 22 ኪሎ።

ማሰሪያ ሽቦ፦ 1.5 ሚሊ፣ 4 ኪሎ።

ቋሚው ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ዛገ፦ አርማታው ጎድጓዳ ሆኖ የክረምቱን ውሃ ያቁራል። አናቱን ወደ ውጭ አዘቅዝቃችሁ ጨርሱት፣ አንቲረስቱም (የዝገት መከላከያ ቀለሙ) ከመተከሉ በፊት ይቀባ።

ቋሚው ከውስጥ ዛገ፦ አናቱ ክፍት ነው። ለ50 ቋሚ 50 ክዳን፣ ከቁራጭ ላሜራ ተቆርጦ ዙሪያውን ይበየድ።