ያከራዩትን ቤት ለማየት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ አከራይ ወደ ተከራዩ ቤት የሚሄደው ወይ ኪራይ ሲዘገይ ነው፣ ወይ የሆነ ነገር ሲሰበር። ቤቱን ብቻ ላየው ብሎ የሚሄደው ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የማይረባውን አይቶ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ስህተት ሳይናገሩ መሄድ ነው። ቤቱ የእርስዎ ቢሆንም ውሉ እስካለ ድረስ መኖሪያው የተከራዩ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን መኖሪያ ከፍተሻ ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ ሰው ቤት መግባትም በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ ትርፍ ቁልፍ አለኝ ብለው ከፍተው አይግቡ። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለው ይደውሉ፤ በስንት ወር አንዴ እንደሚያዩም ውሉ ላይ ያስፍሩት። ሰዓቱንም ያስቡበት። ከምሳ በኋላ ሳቢያንም ይሁን ከዚራ ግማሹ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ያንኳኳ ሰው «አቦ፣ ነገ ና!» ቢባል አይገርምም። ጠዋት 2 ሰዓት ይሻላል።

ሁለተኛው፣ ቤቱን ትቶ ተከራዩን መፈተሽ። አልጋው አልተነጠፈም፣ እንግዳ በዝቷል... ምን አገባዎት? ቁም ሣጥንም አይከፈትም።

ውሃውን ሳያዩ መውጣት ግን በእኔ ግምት ከሁሉም የሚብሰው ነው። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣና ካልሲየም የበዛበት ነው፤ የቤትዎን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ማየት ይበቃል። ያው ነጭ ቅርፊት የሻወሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ የቦይለሩን ማሞቂያ ይሸፍናል፣ ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ያጣብቀዋል። ተንሳፋፊው ከተጣበቀ ሮቶው ሞልቶም ውሃው አይቆምም፤ ሌሊት ከሆነ ደግሞ የሚያየው የለም። ከሮቶው ሥር ግድግዳው ላይ ነጭ የውሃ መስመር ካለ ምልክቱ እሱ ነው። ሮቶው ሞልቶ ሳለ ቧንቧዎቹን ሁሉ ያዘጉና ቆጣሪውን ይዩት። አሁንም የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

መብራቱን «ይበራል» ብሎ ማለፍም አደገኛ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ይህን ቀጭን ገመድ የተዘረጋለት ተራ ሶኬት አይችለውም። ምጣዱ የት እንደሚሰካ ይጠይቁና ሶኬቱን ይመልከቱ፤ ቀዳዳው ዙሪያ ቢጫ ወይም ጥቁር ካለ ቀልጦ እሳት ከማስነሳቱ በፊት ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ለምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይዘርጋለት።

በበጋ ብቻ መሄድም አለ። በጋ ላይ የሚያፈስ ጣሪያ አለ እንዴ? የለቀቀ የቆርቆሮ ሚስማርና የተደፈነ የግቢ መውረጃ መታየት ያለበት ከበልግም ከክረምትም በፊት ነው። በተለይ ቤቱ ለደቻቱ ወንዝ ቅርብ ከሆነ፤ የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ የድሬ ሰው አይረሳውም። ጎርፉ ከላይ ከደጋው ስለሚመጣ ከተማው ላይ ባይዘንብም ይደርሳል።

ቁልፍ ሲያስረክቡ ፎቶ አለማንሳትም በኋላ ያጣላል። የቆጣሪውን ንባብም አብረው ያንሱ።

የመጨረሻው፣ ጉድለቱን አይቶ ዝም ማለት፣ ከዚያም ላሳደስኩት ተብሎ ኪራይ መጨመር። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያወጣው መጠን ነው እንጂ አከራይ ባሰኘው ጊዜ አይደለም። በእርጅና የተበላሸ ተንሳፋፊ መቀየር ደግሞ ድሮም የአከራዩ ሥራ ነው።