አሮጌ ዴስክቶፓችሁ ቀኑን እየረሳ ነው?

ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚጠፋባችሁ፦ አሮጌው ዴስክቶፕ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ እየሄደ፣ ዌብሳይቱ ሁሉ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ካስቸገራችሁ፣ ዊንዶውስ ለማስጫን አትሩጡ። ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ ማዘርቦርዱ (ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለችውን የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ቀይሩ፤ ሲአር 2032 በሏት፣ 3 ቮልት ናት።

መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። ስትደክም ቀኑ ይዛባል፤ ብሮውዘሩ ደግሞ የዌብሳይቱን የደህንነት ሰርተፍኬት (መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ያለው የማንነት ማረጋገጫ) የሚያመሳክረው ከዚያው ቀን ጋር ስለሆነ «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ይዘጋባችኋል።

ከቀየራችሁ በኋላ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉ። (እኔ በኛው 2017 ብዬ አስገብቼ ግማሽ ቀን ታግያለሁ።)

ቀኑ ልክ ሆኖም እምቢ ካለ ግን ጥፋቱ የባትሪዋ አይደለም። በተለይ ዊንዶውስ 7 ከሆነ የደህንነት ማሻሻያው ለአብዛኛው ተጠቃሚ የቆመው በጃንዋሪ 2020 ነው፤ የባንክ ሥራ አትሥሩበት።