ሜዲሲን ለመግባት የትኛውን የሳይንስ ትምህርት ማስቀደም ይሻላል? ለጎንደር ተማሪዎች

ጎንደር ውስጥ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ ያለ ተማሪ ቶሎ የሚሰማው ምክር «ባዮሎጂህን አጥና» የሚል ነው። ምክሩ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያስኬደው። በእኛ እምነት መቅደም ያለበት ኬሚስትሪ ነው፤ ባዮሎጂ ይከተላል፤ ፊዚክስና ሒሳብ ደግሞ ፈጽሞ አይጣሉም።

መጀመሪያ የመግቢያውን ሥርዓት እንይ። ወደ 11ኛ ክፍል ስታልፉ የተፈጥሮ ሳይንስ ምረጡ። በ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ እያንዳንዳቸው ከ100 ይያዛሉ፤ ድምሩ 600 ነው። ስለዚህ በፊዚክስ የጣላችሁት 20 ነጥብ በባዮሎጂ ከምትጥሉት 20 ነጥብ እኩል ይጎዳችኋል። ባዮሎጂ ላይ 85 ያለው ተማሪ ወደ 95 ለመድረስ ከሚደክም፣ ፊዚክሱን ከ50 ወደ 65 ቢያነሣ ይሻለዋል። ምደባውን የሚሠራው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የጎንደር ልጅ መሆን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለመመደብ ዋስትና አይሆንም።

ኬሚስትሪን የምናስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሜዲሲን ላይ የምትማሯቸው ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር) እና ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ትምህርት) ሦስቱም የሚቆሙት በእሱ ላይ ነው። ሞልና ኮንሰንትሬሽን፣ አሲድና ቤዝ፣ ኢኩሊብሪየም፣ ከዚያ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፦ እነዚህን እስኪገቧችሁ ድረስ ሥሩ። አንድ ልምምድ እንስጣችሁ። ለሕመምተኛ በደም ሥር የሚሰጠው ግሉኮስ የሌለበት የጨው ውሃ ላይ 0.9% ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.9 ግራም ጨው አለ ማለት ነው፤ በአንድ ሊትር 9 ግራም፣ በ500 ሚሊ ሊትሩ ከረጢት 4.5 ግራም። 9 ግራሙን ለ58.5 (የአንድ ሞል ጨው ክብደት በግራም) አካፍሉት፤ 0.154 ሞል ይወጣል። ጨው ውሃ ውስጥ ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ስለሚለያይ የቅንጣቶቹ ብዛት እጥፍ ይሆናል፤ 0.308 ሞል ገደማ። ይህ ለደማችን ፈሳሽ የቀረበ ስለሆነ ቀይ የደም ሴሎች አያብጡም፣ አይጨማደዱም። በእሱ ፋንታ ንጹሕ ውሃ በደም ሥር ቢሰጥ ውሃው ወደ ሴሎቹ ገብቶ ያፈነዳቸዋል። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ራሱ የሠራ ተማሪ ኦስሞሲስን (ውሃ በሴል ሽፋን በኩል የሚያልፍበትን ሂደት) ሁለተኛ መሸምደድ አያስፈልገውም። የደም ፒኤች ለምን ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል እንደሚቆይ የሚገባችሁም በ11ኛና በ12ኛ ክፍል በምትማሩት የኢኩሊብሪየምና የበፈር (ፒኤች በቀላሉ እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ድብልቅ) ትምህርት ነው።

ባዮሎጂ ላይ የሚታየው ችግር ሽምደዳ ነው። ስሙን ያውቁታል፣ ሂደቱን ግን መናገር አይችሉም። የሴል ሽፋንን፣ የዘር ውርስንና የሰውነት ሥርዓቶችን በሥዕል ሥሩ፦ መጽሐፉን ዘግታችሁ ልብን ሳሉ፣ ደሙ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በቀስት አሳዩ፣ ከዚያ ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩ። የዕፅዋት ምዕራፎች ሜዲሲን ላይ ብዙም አይመለሱም፤ ፈተናው ላይ ግን ስለሚመጡ አትዝለሏቸው።

ከፊዚክስ ግፊትን፣ የፈሳሽ ፍሰትን፣ ብርሃንንና ኤሌክትሪክን ለይታችሁ ያዙ። የአንድ ቧንቧ ራዲየስ በግማሽ ቢጠብ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ፣ ፍሰቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል፤ የጠበበ የደም ሥር ለምን አደገኛ እንደሚሆን የሚያስረዳው ይኸው ነው። የከተማችንንም ከፍታ ተጠቀሙበት። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ወደ 590 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል፤ ባሕር ጠለል ላይ 760 ነው። በሁለቱም ቦታ የኦክስጅን ድርሻ 21% ነው፤ የኦክስጅኑን ግፊት አስሉና ልዩነቱን እዩት።

ከሒሳብ ሬሾ፣ ሎጋሪዝምና ስታቲስቲክስ ሆስፒታል ድረስ ይከተሏችኋል። 12 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ከታዘዘ 180 ሚሊ ግራም ነው፤ ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ከያዘ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ነጥቧ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ብትንሸራተት መድኃኒቱ አሥር እጥፍ ይሆናል።

ከክፍል ውጭ በሳምንት 12 ሰዓት ካላችሁ ለኬሚስትሪ 4፣ ለፊዚክስ 3 (ከላይ እንዳልነው ከባዮሎጂ ይልቅ ነጥብ ሊነሣበት ስለሚችል)፣ ለሒሳብ 2፣ ለባዮሎጂ 2፣ ለእንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ 1 አድርጉና ጀምሩ። በወር አንዴ አሮጌ ፈተና ሠርታችሁ ሰዓቱን ዝቅተኛ ውጤት ወዳመጣችሁበት ትምህርት አዛውሩ።

ፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት) ስትገቡ ስሌቱ ይቀየራል። የዲፓርትመንት ምርጫ ላይ ጂፒኤ (የኮርሶች አማካይ ውጤት፤ ኤ 4፣ ቢ 3 ይያዛል) ይቆጠራል፣ ጂፒኤ ደግሞ በክሬዲት፣ ማለትም በእያንዳንዱ ኮርስ ክብደት፣ ይመዘናል። ሳይኮሎጂና ሎጂክ ባለ 3 ክሬዲት ከሆኑ ከባለ 3 ክሬዲት ኬሚስትሪ እኩል ይመዝናሉ ማለት ነው። ድምሩ 30 ክሬዲት ቢሆን፣ በአንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከኤ ወደ ቢ መውረድ ጂፒኤን በ0.1 ይቀንሳል። ሜዲሲን ላይ ሰዎች የሚለያዩት በእንደዚህ ዓይነት ትንንሽ ቁጥሮች ነው። «ኮመን ኮርስ (ሁሉም የሚወስደው) ነው» ብለው የተዉት ትምህርት ብዙ ጎበዞችን አስቀርቷል።

አሜሪካ ለማመልከት የምታስቡ ካላችሁ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ሜዲካል ስኩል የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂን፣ ጄኔራል ኬሚስትሪን፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪንና ፊዚክስን ከነላብራቶሪያቸው ይጠይቃሉ፤ ባዮኬሚስትሪም ይፈለጋል። ኤምካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂንም ይጨምራል። እዚህ የወሰዳችሁትን ኮርስ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ይቆጥረው እንደሆነ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ የየኮርሱን ዝርዝር ይዘትና የላብራቶሪ ሰዓት የሚያሳይ ወረቀትም ከዲፓርትመንታችሁ አስወጥታችሁ ያዙ።