ግድግዳውን በአንድ ቀን፣ ቤቱን በትዕግሥት፦ ማዘጋጃ ቤት የሰፈር ግራፊቲንና የኪራይ ቤት ወንጀልን እንዴት ሊይዝ ይችላል

ለማዘጋጃ ቤት ከሚደርሱ አቤቱታዎች ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ወረቀት ተጽፈው ይመጣሉ፤ «ግድግዳችን በቀለም ተበላሸ» እና «ያ የሚከራየው ቤት ሰላም ነሳን»። ወረቀቱን የተቀበለው ሠራተኛም ሁለቱን አንድ ላይ ለአንድ ክፍል ይመራቸዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ግራፊቲ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ግድግዳ ላይ የሚጻፍ ቀለም፣ ማጥፋቱ ሲዘገይ ይበዛል፤ ስለዚህ ፍጥነት ይፈልጋል። ቤቱ ውስጥ ያለው ግን ሰው ነው። በቀለሙ ፍጥነት ከተሄደበት ጥፋተኛው አምልጦ፣ ተበድላ የጮኸችው ሴት ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ላይ ትቀራለች። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ይህን ልዩነት ይዞ የተጻፈ ነው። የመስተዳድር ሠራተኛም ይሁኑ የሰፈር ኮሚቴ አባል፣ አከራይም ይሁኑ ተከራይ፣ በየደረጃው ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ያዩበታል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. አቤቱታውን ወደ አድራሻ ይለውጡ

«አካባቢው ተበላሽቷል» የሚል አቤቱታ ልብ ይነካል እንጂ ሥራ አይሠራበትም። ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት የፖሊስ ጥሪዎችና የግድግዳ አቤቱታዎች በየአድራሻው ይዘርዝሩ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚታየው፣ አብዛኛው ጥሪ ከጥቂት ቤቶች የሚመጣ መሆኑ ነው። የቀሩትን አከራዮች አዳራሽ ሰብስቦ መውቀስ ወዳጅን ወደ ባላጋራ መለወጥ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ሰማንያ ክፍል ያለው ሕንፃ አራት ክፍል ካለው ይልቅ ደጋግሞ ፖሊስ ቢጠራ አይገርምም፤ ስለዚህ የጥሪውን ቁጥር ለክፍሎቹ ብዛት ያካፍሉት። ሁለተኛው ወጥመድ የከፋ ነው፤ የጥሪው ብዛት ብቻ ታይቶ ዓይነቱ ሳይነበብ ይቀራል። አምቡላንስ የጠራ፣ በባሏ የተደበደበች፣ ቤቱ የተሰበረበት ሰው ሁሉ እንደ «ረባሽ ቤት» ይቆጠራል። ጥሪዎቹን አንድ በአንድ ያንብቡና ተጎጂው የጠራውን ከአንድ ጎን፣ ስለ ዕፅ ሽያጭ ወይም ስለ ድብድብ ጎረቤት የጠራውን ከሌላ ጎን ያስቀምጡ። ከሁሉም ሥራ አሰልቺው ይህ ነው፤ የሚያዋጣውም ይኸው ነው።

2. ከማጥፋትዎ በፊት ፎቶ ያንሡ

አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ግድግዳውን ሙሉ አድርገው ያንሡ፤ ቀኑንና አድራሻውን ይመዝግቡ። አብዛኛው ጽሑፍ የአንድ ወጣት የብዕር ስም ነው። አንድ ዓይነት ፊርማ በሃያ ግድግዳ ላይ መገኘቱን የሚያሳየው ይህ መዝገብ ነው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰም የጉዳቱን መጠን የሚያስረዳው እሱ ነው። ዘርን ወይም ሃይማኖትን የሚሳደብ ጽሑፍ፣ እንዲሁም ማስፈራሪያ፣ ፖሊስ አይቶ እንደመዘገበው በዚያው ቀን ይጥፋ። ፎቶውን ግን በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፉት፤ ጸሐፊው የሚፈልገው ተመልካች ነው።

3. በፍጥነት ያጥፉ፤ ግን እያወቁ

ፍጥነት ለምን እንደሚጠቅም የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ጥሩ አስተማሪ ነው። በ1984 የተጀመረው አሠራር ቀላል ነበር፤ አንዴ የጸዳ ባቡር እንደገና ከተቀባ፣ ቀለሙ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ጭኖ አይሄድም። ስሙ ከተማውን ሲዞር የማያይ ወጣት ሌሊቱን ሙሉ መድከሙ ትርጉም አጣ። ያም ሆኖ የመጨረሻው የተቀባ ፉርጎ ከአገልግሎት የወጣው በ1989 ነው። አምስት ዓመት ፈጅቷል፤ በአንድ ዘመቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ለሰፈር ግድግዳ አቤቱታው በደረሰ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ማጥፋት ጥሩ ዒላማ ነው።

አጠፋፉ እንደ ግድግዳው ይለያያል። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከሆነ መልሶ መቀባት ይበቃል፤ ነገር ግን ቀይ ቀለምና ጥቁር ማርከር በውሃ ቀለም ላይ ፈልቀው ይወጣሉና አስቀድመው እድፍ የሚይዝ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት) ይቀቡ። ቀለሙን ከግድግዳው ጋር ያመሳስሉ። በክሬም ግድግዳ መሀል የተለጠፈ ግራጫ አራት ማዕዘን ለሚቀጥለው ጸሐፊ የተዘጋጀ ሰሌዳ ነው። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን፣ ወይም ቢያንስ ግድግዳው መስመር እስከሚቆርጥበት ድረስ ይቀቡት።

ያልተቀባ ጡብና ድንጋይ ግን ሌላ ጣጣ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከጡብ ላይ ጥቁር ፊርማ በቲነርና በጨርቅ ላጠፋ ገባሁ። ፊርማው ሁለት መዳፍ አይሞላም ነበር፤ ስጨርስ የበር ስፋት ያለው ግራጫ ደመና ሆኖ ቀረ። ቲነሩ ቀለሙን አቅልጦ ወደ ጡቡ ቀዳዳ አስገብቶት ኖሯል። ትክክለኛው መንገድ ለዚህ ተብሎ የተሠራውን ወፍራም ማስለቀቂያ መቀባት፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል መጠበቅ፣ በሽቦ ሳይሆን በናይለን ብሩሽ መፈተግ፣ ከዚያም ግፊቱ ዝቅ ባለ ሙቅ ውሃ ማጠብ ነው። ከመጀመርዎ በፊት ከፊርማው በታች ያለውን ጡብ ውሃ ያጠጡት፤ ውሃ የጠገበ ጡብ የሚወርደውን ቀለም አይጠጣም። ኃይለኛ የውሃ ግፊት ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን የጡቡን ጠንካራ ቆዳ ገፎ ቀጣዩ ቀለም ጠልቆ እንዲገባ መንገድ ይጠርጋል። ምንጊዜም በማይታይ ጥግ ይሞክሩ። ጓንትና የዓይን መከላከያ አይርሱ፤ የታጠበውም ፈሳሽ ወደ ጎርፍ መውረጃ አይግባ።

በየወሩ ለሚቀባ ግድግዳ መከላከያ ሽፋን አለ። አንደኛው እንደ ሰም ያለ ሲሆን በሙቅ ውሃ ከግራፊቲው ጋር አብሮ ይለቃል፤ ከዚያ እንደገና ይቀባል። ሌላው ብዙ ጊዜ መታጠብን ይችላል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ከተማውን ሁሉ በዚህ መሸፈን ገንዘብ መበተን ነው፤ መዝገብዎ የሚጠቁማቸውን ጥቂት ግድግዳዎች ይምረጡ።

4. ሂሳቡን ለተበደለው አይላኩ

ብዙ ከተሞች ግድግዳው የተቀባበትን ባለቤት በተወሰነ ቀን ውስጥ ካላጠፋ ይቀጣሉ። ሌሊት የተበደለን ሰው ቀን መቅጣት ይመስለኛል። የተሻለው መንገድ ባለቤቱ አንድ ጊዜ የፈቃድ ቅጽ ፈርሞ ማዘጋጃ ቤቱ በነፃ እንዲያጠፋለት ማድረግ ነው። ቅጹ ቀድሞ ከተፈረመ ፈቃድ ፍለጋ የሚባክነው ሳምንት ይቀራል። የአሜሪካዋ ቺካጎ ከ1993 ጀምሮ በከተማዋ ወጪ የሚያጠፋ ቡድን አሰማርታለች። ከዚያ በፊት በ1992 ያወጣችው የስፕሬይ ቀለም ሽያጭ ክልከላ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ አከራክሯል፤ ከከተማው ወሰን ወጥቶ መግዛትን ግን ማንም አልከለከለም።

ፊላዴልፊያ በ1984 የጀመረችው ፀረ ግራፊቲ ሥራ ደግሞ ወጣቶቹን ከሠዓሊ ጋር አገናኝቶ ትልልቅ የግድግዳ ሥዕሎችን ወለደ። ሥዕሉ የሰፈሩ ሰው የተስማማበትና የሚንከባከበው ሰው ያለው ይሁን፤ ተልጦ የተተወ ሥዕል ከባዶ ግድግዳ ይብሳል።

5. ግድግዳው ቤቱን ያስከትላል ብለው አይቸኩሉ

በ1982 ጄምስ ዊልሰንና ጆርጅ ኬሊንግ የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን ያልተጠገነ የተሰበረ መስኮት ሌላ ጥፋት ይጋብዛል ብለው ጻፉ። በ2008 የታተመ የሆላንድ ሙከራ በግሮኒንገን ከተማ ይህን በትንሹ ፈትኖታል። በቆሙ ብስክሌቶች ላይ የማስታወቂያ ወረቀት ታሰረ። ግድግዳው ንጹሕ ሲሆን ወረቀቱን መሬት የጣለው 33 በመቶ ነበር፤ ግራፊቲ ሲኖርበት 69 በመቶ ሆነ። ውጤቱ ግሩም ነው፣ ግን የሚናገረው ስለ ቆሻሻ መጣልና ስለ መሰል ጥቃቅን ጥፋቶች ነው። ከግድግዳ ጽሑፍ ተነሥቶ «ከጀርባው ያለው ቤት የወንጀለኛ ዋሻ ነው» የሚል ሰው ሙከራው ያላለውን እያስባለው ነው።

6. አከራዩን ፊት ለፊት ያስቀምጡ

ዝርዝሩ የኪራይ ቤት ካመለከተ የመጀመሪያው እርምጃ ቅጣት አይሁን፤ ወንበር ይሁን። በካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ በ1990ዎቹ ፖሊስ የዕፅ እርምጃ የወሰደባቸው 121 የኪራይ ቤቶች በዕጣ ለሦስት ተከፍለው ነበር። የአንደኛው ምድብ ባለቤቶች ምንም አልተነገራቸውም፤ ሁለተኛዎቹ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ሦስተኛዎቹ ከፖሊስና ከደንብ ተቆጣጣሪ ጋር ተቀምጠው የማሻሻያ ዕቅድ አወጡ። ወንጀል ጎልቶ የቀነሰው በሦስተኛው ምድብ ነው። ደብዳቤ መጻፍ ለሚወድ ቢሮ ይህ ሊያስከፋ ይችላል።

ስብሰባውን ቢሮ ሳይሆን ቤቱ በር ላይ ያድርጉት። ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ይህን ነው፤ የዋናው መግቢያ መቆለፊያ ከወራት በፊት ተሰብሯል፤ አንድ ሰው በሩ እንዳይዘጋ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ሸጉጦበታል፤ የደረጃው አምፖል የለም፤ የፖስታ ሣጥኖቹ ተገንጥለዋል። ዕፅ ሻጩ ይህን ሕንፃ የመረጠው እዚያ ስለሚኖር አይደለም፤ ማንም ስለማይጠይቀው ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ኪራዩ በባንክ ይገባለታል፣ በሩን ግን ካየው ቆይቷል። ዕቅዱ ላይ መቆለፊያ፣ መብራት፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሣ ኃላፊ፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀን በስም በስም ይጻፍ። «ጥበቃ ይሻሻላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይቀበሉ።

ባዶ የተተወ ቤትም አይዘንጋ። ፊላዴልፊያ ከ2011 ጀምሮ የተተዉ ሕንፃዎች ባለቤቶች እውነተኛ በርና መስኮት እንዲገጥሙ ማስገደድ ጀመረች። ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ደንቡን ባከበሩት ሕንፃዎች ዙሪያ የጦር መሣሪያ ጥቃት መቀነሱን አሳይተዋል።

7. ደንቡን ሲያወጡ ተጎጂውን አይምቱ

በ1992 በአሪዞናዋ ሜሳ የተጀመረው «ከወንጀል ነፃ ቤቶች» የተባለ ፕሮግራም ለአከራዮች ሥልጠና፣ ለሕንፃዎች የደኅንነት ፍተሻ፣ ለኪራይ ውል ደግሞ ወንጀል የተፈጸመበት ቤት ተከራይ እንዲወጣ የሚያደርግ ተጨማሪ አንቀጽ ይዞ መጣ። ሥልጠናውና ፍተሻው ጠቃሚ ናቸው። መዘዙ ያለው አንቀጹ ላይ ነው፤ አንዳንድ ከተሞች ወደ አስገዳጅ ደንብ ለውጠውት ክስ እንኳ ሳይመሠረት ቤተሰብ ሙሉ የሚወጣበት መሣሪያ ሆነ።

በፔንስልቬኒያዋ ኖሪስታውን የነበረው ደንብ በአራት ወር ሦስት ጊዜ ፖሊስ ለሁከት የተጠራበትን አከራይ የማከራየት ፈቃዱን ሊያሳጣው ይችል ነበር። የቀድሞ ፍቅረኛዋ የሚደበድባት ተከራይ ከቤት እንዳትወጣ ፈርታ ፖሊስ መጥራት አቆመች። በ2012 ክፉኛ ሲያቆስላት የጠሩላት ጎረቤቶች ናቸው፤ በሄሊኮፕተር ሆስፒታል ተወሰደች፤ ከተማዋ ግን እንድትወጣ አከራይዋን መግፋት ቀጠለች። ጉዳዩ በ2014 በ495,000 ዶላር ዕርቅ ሲያልቅ ደንቡም ተሻረ። የካሊፎርኒያዋ ሄስፔሪያም በመሰል ደንብ በፌዴራል መንግሥት ተከስሳ በ2022 ዕርቅ ላይ ደርሳለች። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከቤት ሆኖ ወንጀልን የማመልከትና የአደጋ ጊዜ እርዳታ የመጥራት መብትን አስከበረ፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ እንዲህ ያሉ የከተማ ደንቦችን ከጥር 2024 ጀምሮ ከለከለች።

ስለዚህ ረቂቅ ደንብ ሲቀርብልዎ ሦስት ነገር ይፈልጉበት። የተጎጂና የአምቡላንስ ጥሪ እንደማይቆጠር በግልጽ ተጽፏል? እርምጃው በተረጋገጠ ድርጊት እንጂ በጥርጣሬ አይደለም? አድራጊው ብቻ እንጂ እናቱና ታናናሾቹ አብረው አይወጡም? አንዱ እንኳ ከጎደለ ረቂቁን ይመልሱት።

አልሰማም ላለ ባለቤት ደረጃው ይኸው ነው፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የተወሰነ ቀን፣ በየቀኑ የሚጨምር ቅጣት፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤት። ሕንፃውን ማሸግ እጅግ የመጨረሻው ነው፤ ለነዋሪዎቹ መጠለያ ሳይዘጋጅም አይታሰብ።

8. ውጤቱን በትክክለኛው መለኪያ ይለኩ

ለግድግዳው መለኪያው ከአቤቱታ እስከ ማጥፋት የወሰደው ሰዓትና በዚያው ግድግዳ ላይ ተመልሶ የተጻፈበት ብዛት ነው። «ይህን ያህል ሺህ ካሬ ሜትር አጸዳን» የሚለው ሪፖርት የፈሰሰውን ቀለም እንጂ የሰፈሩን ሁኔታ አይናገርም።

ለቤቱ ግን የጥሪ ቁጥር መቀነስ ብቻውን አያስደስት፤ ሰዎች ለመደወል ሲፈሩም ቁጥሩ ይቀንሳል። ተከራዮቹን ስማቸውን ሳይመዘግቡ ይጠይቋቸው። ከስድስት ወር በኋላም ማንንም ሳያስጠሩ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ወደ ሕንፃው ይሂዱ። አምፖሉ ይበራ እንደሆነ ቀና ብለው ይዩ፣ ከሥሩ ካርቶን መኖር አለመኖሩን ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፣ ከዚያም በሩን ገፋ ያድርጉት።