ሱዶ «አይሆንም» ሲላችሁ፦ የተርሚናል ስህተቶችን አንብቦ መፍታት

ባለፈው ክረምት አንድ የማውቀው ልጅ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ተጨንቋል። የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር ቤቱ ሆኖ ከላፕቶፑ እያስተካከለ ነበር። ሱዶ፣ ማለትም ትዕዛዝን በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ከሰዓት በኋላ ያለችግር ሲሠራለት ቆይቷል። በመሀል ለአለቃው ኢሜይል ጻፈ። ከዚያ ወደ ተርሚናሉ ተመለሰና የላይ ቀስቷን ተጭኖ የቀድሞውን ትዕዛዝ አመጣ። ኢንተር አለ። ፓስወርድ ተጠየቀ። ጻፈ። «ሶሪ፣ ትራይ አጌን» አለው። ደገመ። ሠለሰ። ሰርቨሩ ፍንክች አላለም።

ለካ ኢሜይሉን የጻፈው በአማርኛ ነው። ኪቦርዱ እዚያው አማርኛ ላይ ቀርቷል። ትዕዛዙን በቀስት ስላመጣው አንድም ፊደል አልተየበም፤ ቢተይብ ኖሮ የግዕዝ ፊደል ስክሪኑ ላይ ያይ ነበር። ፓስወርድ ደግሞ ሲጻፍ አይታይም። ስለዚህ ሦስት ጊዜ በሙሉ ልብ የላከው የማይታይ የአማርኛ ፊደል ነበር።

ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ትክክለኛውን ሲጽፍም ግን እንቢ አለው። ይሄኛው ሌላ ምክንያት ነበረው፤ እመለስበታለሁ።

እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይደነግጥና ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ትዕዛዝ ሁሉ ይለጥፋል። ትንሹ ችግር ትልቅ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። የሱዶ ስህተቶች ግን ከብዙ ፕሮግራሞች ይልቅ ግልጽ ናቸው። የት ላይ እንደቆማችሁ ይነግሯችኋል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ትዕዛዞቹን የጻፍኳቸው በድምፃቸው ነው። እናንተ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሹ ነው። «ሰረዝ» ስል አጭሯን መስመር ማለቴ ነው። ትልቅ ፊደል ሲያስፈልግ ለይቼ እናገራለሁ።

መጀመሪያ፦ የሚናገረው ማን እንደሆነ እዩ

ሱዶ በ1980 አካባቢ አሜሪካ፣ ቡፋሎ በሚገኘው የኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ሥራው እስከ ዛሬ ያው ነው። በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። መታወቂያችሁን ያያል፤ ይህ ፓስወርዱ ነው። ቀጥሎ ስማችሁን ከመዝገብ ይፈልጋል፤ ይህ ሱዶርስ የሚባለው ፋይል ነው። ሁለቱም ከተሟሉ ትዕዛዛችሁን በሩት ስም ያስኬዳል። ሩት ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዋናው አካውንት ነው።

ስህተት ሲመጣ የመስመሩን የመጀመሪያ ቃል አንብቡ። «ሱዶ» ብሎ ከጀመረ የሚናገረው ዘበኛው ራሱ ነው። «ባሽ» ብሎ ከጀመረ ግን የሚናገረው ትዕዛዝ የምትጽፉበት ሼል ነው። ይህን መለየት ብቻውን ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። «ባሽ፦ ሱዶ፦ ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ካለ ኮምፒውተሩ ላይ ሱዶ የለም ማለት ነው። አንዳንድ ዴቢያን ላይ ይህ የተለመደ ነው (ዴቢያን፣ እንደ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ሬድ ሃት፣ አንድ የሊነክስ ዓይነት ነው)። «ሱዶ፦» ብሎ ጀምሮ የሌላ ፕሮግራም ስም ጠርቶ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ካለ ግን ሱዶ ደህና ነው፤ ያጣው የጠራችሁትን ፕሮግራም ነው። ሱዶ ፕሮግራም የሚፈልገው በራሱ የተወሰነ የፎልደር ዝርዝር ውስጥ ነው። እናንተ ቤታችሁ ፎልደር ውስጥ የጫናችሁት ነገር ላይታየው ይችላል። የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ከስላሽ ጀምራችሁ ጻፉለት፤ ይሠራል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያደናግረው ይህ ነው። ሱዶ ብላችሁ፣ ኤኮ (ጽሑፍ የሚያወጣው ትዕዛዝ) ብላችሁ፣ አንድ መስመር በ> ምልክት ወደ ሲስተም ፋይል ስትልኩ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል። ሱዶ ብዬ የለም እንዴ ትላላችሁ። ብላችኋል፤ ግን ፋይሉን የሚከፍተው ባሽ ነው፣ ባሽ ደግሞ የሚሠራው በእናንተ ስም ነው። መስመሩ የሚጀምረው «ባሽ» ብሎ እንደሆነ ልብ በሉ። መፍትሔው ከ> ይልቅ | (ቋሚዋን መስመር) አድርጋችሁ ወደ «ሱዶ ቲ» መላክ ነው። ቲ ሦስት ፊደል ነው፦ ቲ፣ ኢ፣ ኢ። ፋይሉ ውስጥ ያለው እንዳይጠፋ ሰረዝ ኤ ጨምሩበት፤ ያለዚያ የድሮውን ደምስሶ ነው የሚጽፈው።

ፓስወርዱን አልቀበልም ሲል

«ሶሪ፣ ትራይ አጌን» ሲላችሁ ወዲያው አትድገሙ። በቁጥር ነው የምትሞክሩት፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዕድል ነው ያለው። ኮንትሮልና ሲ ተጭናችሁ ውጡ።

ከዚያ ባዶው መስመር ላይ ጥቂት ፊደላት ጻፉ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ቁጥርም ጨምሩ። የሚታየውን እዩ። ግዕዝ ከሆነ ኪቦርዱ ነው። ሁሉም ትልልቅ ከሆኑ ካፕስ ሎክ ነው። ቁጥሩ ካልመጣ ነም ሎክ ነው። ስትጨርሱ አጥፏቸው። ፓስወርዱን ራሱን እዚህ ጽፋችሁ አትሞክሩ። በስህተት ኢንተር ካላችሁ በትዕዛዝ ታሪክ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

የማን ፓስወርድ እንደሚጠየቅም እወቁ። ሱዶ በተለምዶ የሚፈልገው የራሳችሁን ነው፤ የሩትን አይደለም። አንዳንድ ኦፐን ሱዜ ላይ ግን ነባሪው አሠራር በተቃራኒው የሩትን ይጠይቃል። ፊደል ስትጽፉ ምንም አለመታየቱም ችግር አይደለም። ሊነክስ ሚንት የለመደ ሰው ኮከብ ስለሚጠብቅ ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል።

አሁን ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ኪቦርዱን አስተካክሎ ትክክለኛውን ሲጽፍ እንቢ ያለው አካውንቱ ስለተቆለፈ ነው። ፌይልሎክ የሚባል ጥበቃ አለ። በነባሪው አሠራር ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ለ600 ሰከንድ፣ ማለትም ለ10 ደቂቃ ይቆልፋል። ክፋቱ፣ ተቆልፎም ፓስወርድ መጠየቁን ላያቆም ይችላል። ትክክለኛውን እየሰጣችሁት የተሳሳተ ያስመስለዋል። ሰው በዚህ ጊዜ ነው የራሱን ፓስወርድ መጠራጠር የሚጀምረው። ልጁን «ሻይ አፍላና ጠጣ» አልኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ።

መጠበቅ ካልቻላችሁ ሌላ አድሚን «ፌይልሎክ» ብሎ፣ ሰረዝ ሰረዝ ዩዘር፣ ስማችሁን፣ ከዚያ ሰረዝ ሰረዝ ሪሴት ብሎ ሊፈታችሁ ይችላል። አካውንቱ ወይም ፓስወርዱ ጊዜው አልፎበታል የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ነገሩ እንደተባለው ነው፤ በአድሚን ማሳደስ ነው።

«ሱዶርስ ፋይል ውስጥ የለህም» ሲል

ይህ መልእክት ያስፈራል፤ በተለይ መጨረሻው ላይ ድርጊቱ ሪፖርት እንደሚደረግ ሊጠቅስ ስለሚችል። አትፍሩ። ብዙውን ጊዜ የሆነው ሙከራችሁ ሎግ ላይ፣ ማለትም ሲስተሙ የሆነውን በሚጽፍበት ፋይል ላይ፣ መጻፉ ነው። ኡቡንቱና የቆየ ዴቢያን ላይ ቫር ውስጥ፣ ሎግ ፎልደር ውስጥ «ኦዝ ነጥብ ሎግ» በሚባል ፋይል ታገኙታላችሁ፤ ኦዝ የሚጻፈው ኤ፣ ዩ፣ ቲ፣ ኤች ነው። ሬድ ሃትና ዘመዶቹ ላይ ፋይሉ «ሴኪውር» ይባላል።

ትርጉሙ ፓስወርዳችሁ ትክክል ነው፣ ስማችሁ ግን መዝገቡ ላይ የለም ነው። «አይዲ» ብላችሁ ኢንተር በሉና የየትኛው ግሩፕ አባል እንደሆናችሁ እዩ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ «ሱዶ» የሚል ግሩፕ መኖር አለበት። ፌዶራ፣ ሬድ ሃትና አርች ላይ የግሩፑ ስም «ዊል» ነው፦ ደብሊው፣ ኤች፣ ኢ፣ ኢ፣ ኤል።

ዴቢያን የጫነ ሰው እዚህ የሚደርስበት ምክንያት አለ። ሲጫን ለሩት ፓስወርድ ከሰጣችሁት ዴቢያን ለእናንተ ሱዶ አይሰጥም። ባዶ ከተዋችሁት ይሰጣል። ስለዚህ የሰጣችሁትን የሩት ፓስወርድ ተጠቀሙና «ኤስዩ ሰረዝ» ብላችሁ ግቡ። ሰረዟ የግድ ናት። ያለሷ ከገባችሁ የሩት ፕሮግራሞች ያሉበት ፎልደር አይታያችሁም፤ ቀጣዩም ትዕዛዝ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ይላችኋል።

ከገባችሁ በኋላ «ዩዘርሞድ» በሉ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ትንሿ ኤ፣ ትልቋ ጂ፣ ቀጥሎ የግሩፑ ስም፣ በመጨረሻ የእናንተ ስም። ትንሿን ኤ አደራ አትርሱ። «ጨምር» የምትለው እሷ ናት። ያለሷ ከሌሎቹ ተጨማሪ ግሩፖች ሁሉ ያስወጣችኋል። አንድ ሰው ሱዶ አገኛለሁ ብሎ ዶከር የሚባለውንም ሌላውንም ግሩፕ በአንድ ኢንተር ያጣው በዚች ፊደል ነው።

ከዚያ ሎግአውት አድርጋችሁ እንደገና ግቡ። ግሩፑ የሚነበበው ስትገቡ ነው። ይህን ሳያደርግ «አልሠራም» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው።

መዝገቡ ራሱ ሲበላሽ

«ፓርስ ኢረር» ወይም «ሲንታክስ ኢረር» የሚልና የመስመር ቁጥር የሚጠቅስ መልእክት ካያችሁ ሱዶርስ ፋይል ላይ የተሳሳተ ነገር ተጽፏል። ፋይሉን በተራ ኤዲተር የከፈተ ሰው ነው እዚህ የሚደርሰው። ሁልጊዜ «ቪሱዶ» በሚለው ትዕዛዝ ክፈቱት። ቪሱዶ ከማስቀመጡ በፊት ያነበዋል። ስህተት ካገኘ «ዋት ናው» ብሎ ይጠይቃል። ኢ ብላችሁ ተመልሳችሁ ማረም፣ ኤክስ ብላችሁ ሳታስቀምጡ መውጣት ትችላላችሁ። ትልቋን ኪው አትንኩ፤ ከነስህተቱ ነው የምታስቀምጠው።

አንዴ ከተበላሸ በሱዶ መክፈት ላይቻል ይችላል፤ በተለይ የቆየ ሱዶ ራሱ ይቆማልና። ዴስክቶፕ ካላችሁ «ፒኬኤግዜክ ቪሱዶ» ሞክሩ፤ የመጀመሪያው ቃል ፒ፣ ኬ፣ ኢ፣ ኤክስ፣ ኢ፣ ሲ ነው። ሌላ መንገድ ስለሆነ ሱዶርስን አይጠይቅም። በመስኮት ፓስወርድ ይጠይቃችሁና ይከፍታል።

ሱዶርስ ነጥብ ዲ የሚባለው ፎልደር ውስጥ አዲስ ፋይል የምትጨምሩ ከሆነ ስሙ ላይ ነጥብ አታድርጉ። ሱዶ ነጥብ ያለበትን ፋይል ምንም ሳይናገር ይዘለዋል። ሰዓታት የሚያባክን ነገር ነው፤ ሁሉም ትክክል ይመስላል፣ ምንም ግን አይለወጥም።

ሱዶ ራሱ ሲታመም

ከሁሉም የከበደው «ሱዶ የዩአይዲ 0 ንብረት መሆንና የሴትዩአይዲ ምልክት ሊኖረው ይገባል» የሚለው ነው። ዩአይዲ 0 የሩት ቁጥር ነው፤ ሴትዩአይዲ ደግሞ ፕሮግራሙ በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚፈቅድ ልዩ ምልክት ነው። የሚመጣው አንድ ሰው ለመላው ሲስተም «ቸሞድ 777» (የፋይል ፈቃድ የሚቀይር ትዕዛዝ፤ ሲ፣ ኤች፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ) ወይም «ቾውን» (ባለቤት የሚቀይር፤ ሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ ደብሊው፣ ኤን) ሲያደርግ ነው። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ሲያስቸግር ሁሉንም በር ከፍቶ የሚገላገል ይመስለዋል። ሱዶ ግን የሚሠራው ባለቤቱ ሩት ሆኖ ያ ልዩ ምልክት ሲኖረው ብቻ ነው። እባካችሁ፣ ያን ትዕዛዝ ከየትም አግኝታችሁ አትለጥፉ።

ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉና ሲነሳ ሺፍት ያዙ፤ አዳዲሶቹ ላይ ኢስኬፕ ነው። ከተራቀቁ አማራጮች ውስጥ ሪከቨሪ ሞድን፣ ከዚያ «ሩት» የሚለውን ምረጡ። ዲስኩ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል «ማውንት ሰረዝ ኦ ሪማውንት፣ አርደብሊው» ብላችሁ ክፍት ቦታና ስላሽ ጨምሩ፤ በሪማውንትና በአርደብሊው መሀል ያለችው ኮማ ናት። ከዚያ ዩኤስአር ስላሽ ቢን ውስጥ ያለውን የሱዶ ፋይል በቾውን ወደ ሩት መልሱት፤ ቀጥሎ ቸሞድ 4755 አድርጉት። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ቾውን ልዩ ምልክቱን ሊያጠፋው ይችላል። ሱዶርስ ፋይሉን ደግሞ ቸሞድ 0440 አድርጉት።

መላው ሲስተም ከተነካ ይህ ወደ ውስጥ መግቢያ ብቻ ነው። ዳታችሁን ቅዱና እንደ አዲስ ጫኑ። ፋይል በፋይል ማስተካከል አያዛልቅም።

ቀለል ያሉት

«አንኤብል ቱ ሪዞልቭ ሆስት» ካለ የኮምፒውተሩ ስም ተቀይሮ ሆስትስ በሚባለው፣ ስምን ከአድራሻ በሚያዛምደው ፋይል ላይ አልተስተካከለም። ኢቲሲ ውስጥ ያለውን ሆስትስ ክፈቱና 127.0.1.1 አጠገብ አዲሱን ስም ጻፉ። ትዕዛዛችሁ ብዙውን ጊዜ ከነመልእክቱ ይሠራል፤ ዝም ብሎ ያዘገያል።

ፓስወርድ ለማንበብ ተርሚናል ያስፈልገኛል ካለ ሱዶን ከርቀት በኤስኤስኤች፣ በአንድ መስመር ልካችሁታል። ከኤስኤስኤች ቀጥሎ ሰረዝ ቲ ጨምሩ።

ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት

ሱዶርስን ወይም ግሩፕን ስትቀይሩ ሁለት ተርሚናል ክፈቱ። በአንዱ «ሱዶ ሰረዝ ትንሿ አይ» ብላችሁ ሩት ሆናችሁ ቆዩ። ለውጡን ሥሩ። ይህን ተርሚናል አትዝጉት። በሌላው እንደ አዲስ ግቡ፤ «ሱዶ ሰረዝ ኬ» በሉ። ይህ ቀድሞ ያስታወሰውን ፓስወርድ ያስረሳዋል፤ አለበለዚያ ለጥቂት ደቂቃ ሳይጠይቅ ያሳልፋችሁና የተሳካላችሁ ይመስላል። ቀጥሎ «ሱዶ ሰረዝ ኤል» በሉ። ፓስወርድ ጠይቆ የተፈቀደላችሁን ዝርዝር ካሳየ የመጀመሪያውን መዝጋት ትችላላችሁ። ካላሳየ ሩት የሆነው ተርሚናል አሁንም ክፍት ነው፤ ወደ እሱ ተመለሱና የቀየራችሁትን መልሱ።