«ፈተናውን አልፏል» አትበሉኝ፦ በባትሪ ማከማቻ የእሳት ሙከራ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሻጭ ወፍራም ሰነድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ባትሪያችን ዩኤል 9540ኤን አልፏል» አለኝ። ይህን ስሰማ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ዩኤል 9540ኤ ማለፊያ ነጥብ የለውም! በባትሪ ማከማቻ ውስጥ እሳት እንዴት እንደሚዛመት የሚለካበት የሙከራ ዘዴ ነው። አንድን ሴል (የባትሪውን ትንሹን ክፍል) ሆን ብለን አሙቀን ሙቀቱ ከቁጥጥር እንዲወጣ እናደርገዋለን፤ በስንት ዲግሪ ጋዝ እንደተነፈሰ፣ ጋዙ ምን ምን እንደያዘ፣ ከአየር ጋር በምን ያህል መጠን ሲቀላቀል እንደሚቀጣጠል እንመዘግባለን። ከዚያ ወደ ሞጁል (አብረው ወደታሰሩ ሴሎች)፣ ሞጁሎች ወደተደረደሩበት ሙሉ ካቢኔ፣ ካስፈለገም ወደ ተከላው እንሻገራለን። እሳቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢዛመትም ሪፖርቱ ይጻፋል። የምስክር ወረቀት የሚያሰጠው ዩኤል 9540 ሌላ የደህንነት መስፈርት ነው፤ በስም የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። የሻጩን ሰነድ ገልጬ ሳየው በሞጁሉ ውስጥ የነበሩት ሴሎች በሙሉ ነድደዋል። ሻጩ ግን ከሰነዱ ሽፋን አልፎ አላነበበም።

የተሞከረው ሴልና የምትገዙት ሴል አንድ መሆናቸውን በሞዴል ቁጥራቸው አመሳክሩ። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

ነበልባል ካልታየ አደጋ የለም ማለት ሰው የሚያስጎዳ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 2019 በአሜሪካ አሪዞና፣ ሰርፕራይዝ ከተማ ባለ የባትሪ ማከማቻ የሆነው ይኸው ነው። የእሳት ማጥፊያ ጋዙ እንደታሰበው ተለቀቀ፤ ሴሎቹ ግን ውስጥ ለውስጥ መጋየታቸውንና ተቀጣጣይ ጋዝ መትፋታቸውን አላቆሙም። ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሩን ሲከፍቱ ፈነዳ፤ አራቱ ክፉኛ ተጎዱ። «የእኛ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ስለሆነ አይመለከተንም» የምትሉም አላችሁ፤ ይህ ከሌሎቹ ይልቅ አይነድም የሚባልለት የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ነው። ከእሱ የሚወጣው ጋዝ ብዙ ሃይድሮጅን አለበት። የአየር ማስወጫውና የፍንዳታ ማስተንፈሻው ስሌት የሚነሣው በሴል ሙከራው ከተገኘው የጋዝ ቁጥር ነው፤ ያንን ገጽ ዘልላችሁ ስለ ውሃ መርጫ አትጠይቁኝ።

ነፋስንም አትርሱ። ሙከራው የሚካሄደው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ነፋስ ነው። በአውስትራሊያ ጂሎንግ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 አንድ የባትሪ ካቢኔ ሲቃጠል ነፋሱ እስከ 56 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ነበልባሉ ጎንበስ ብሎ የጎረቤቱን ካቢኔ ጣሪያ ያዘ፤ እዚያ ያሉት ማስተንፈሻዎች ፕላስቲክ ነበሩ። ግድግዳው ሙቀቱን መቋቋሙ አላዳነውም።

የመጨረሻው የራሴ ጥፋት ስለሆነ አዲስ ገቢዎችን አልቆጣበትም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የሙቀት መለኪያው ሲወርድ አይቼ «አልቋል» አልኩና ሽቦዎቹን ነቃቀልኩ። እናቴ ማታ በአመድ የዳፈነችውን እሳት ጠዋት እፍ ብላ ስትቀሰቅሰው እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ባትሪም እንደዚያ መሆኑ ግን አልታየኝም። በማግስቱ ሞጁሉን ስፈታው ያልወጣ ኃይል በውስጡ የነበረው አንድ ሴል ተነሥቶ ጓንቴን አቃጠለው። በካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ ባለ የባትሪ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2025 የተነሣው እሳትም በወሩ ገደማ እንደገና ተቀስቅሷል። አሁን የተሞከረ ሞጁል ከቤት ውጭ፣ ከሌላው ዕቃ ርቆ፣ መለኪያው ሳይነቀል ለቀናት ይቆያል፤ ቦታው ይጠብበናል የሚለኝን ሥራ አስኪያጅ ጓንቱን አሳየዋለሁ።