የላላ ቡሎን ከማጥበቃችሁ በፊት፦ የአሮጌ የጓሮ ትራክተር ችግርና መፍትሄ

ቨርጂኒያ ያለው ቤታችን ጓሮው ሰፊ ነው። በእጅ እየተገፋ የሚያጭደው ማሽን ቅዳሜዬን በሙሉ ይበላው ነበር። ስለዚህ ጡረታ ከወጣ ጎረቤቴ አሮጌ የጓሮ ትራክተር ገዛሁ። ዊል ሆርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ፣ ባለ 12 የፈረስ ጉልበት ኮህለር ሞተር ያለው። ፋብሪካው ኢንዲያና ውስጥ ሳውዝ ቤንድ ነበር፤ በ1986 ቶሮ የሚባለው ኩባንያ ገዛው። ብረቱ ወፍራም ነው። ከያዙት ልጅ ይወርሰዋል።

አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። አንድ ትልቅ ፒስተን ብቻውን ወጣ ገባ ሲል ሻንሲው በሙሉ አብሮ ይርገፈገፋል። የመጀመሪያው ክረምቴ ቁልፍ ይዞ በመዞር አለቀ። ዛሬ አጠብቃለሁ፣ ለሳምንቱ ይላላል። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ቡሎን ዝም ብሎ አይላላም። ምክንያቱን ሳያገኙ ማጥበቅ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

መጀመሪያ ግን እጃችሁን አትርፉ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። መክፈቻውን አውጡ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉና ከካንዴላው አርቁት። ማጨጃው ስር እጅ የምትሰዱ ከሆነ ይህ ለድርድር አይቀርብም፤ ቢላዋውን በእጅ ስታዞሩት ሞተሩም አብሮ ሊዞርና ሊነሳ ይችላል። ክሪክ ለማንሻ ነው፤ ካነሳችሁ በኋላ ስር ወፍራም እንጨት ወይም መደገፊያ አስገቡ።

ሌላው የቁልፍ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ያደገ እጅ ቁልፍ 13 እና 14 ነው የሚያነሳው። የድሮ የአሜሪካ ትራክተር ግን በኢንች ነው። የ1/2 ኢንች ራስ 12.7 ሚሊሜትር ነው። ቁልፍ 13 ይገባል፣ ትንሽ ይጫወታል፣ ከዚያ ራሱን ያከበዋል። የ9/16 ራስ ደግሞ 14.3 ሚሊሜትር ስለሆነ 14 አይገባም፣ 15 ይላጠዋል። አንድ የኢንች ቡሶላ (ራሱን የሚውጥ ቁልፍ) ስብስብ ግዙና ተገላገሉ። (መደብሩ ውስጥ ቡሎኑ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን «ዳዶ» ብዬ ጠይቄ ልጁ ለጨዋታ የሚጣለውን ዳይስ ፈልጎ አጣ። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ (ከራሱ ስር የሚገባው ቀለበት) ጣሊያን ትቶልን የሄደው ቋንቋ ነው፤ እዚህ የሚያውቀው የለም።)

ምልክት፦ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይሰጡት ሲሠራ) ይንኳኳል፣ ቤንዚን ሲሰጡት ዝም ይላል

ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ኮፈኑ፣ የፊት መብራቱ ማቀፊያ ወይም የባትሪው ማሰሪያ ነው። ሞተሩ እየሠራ በረጅም እንጨት ጫን ጫን አድርጉ፤ ከሚሽከረከር ነገር ግን ራቁ። ድምፁ የጠፋበት ቦታ እሱ ነው። አጥፉት፣ አጥብቁት፣ የጎማ ሮንዴላው ካለቀ ቀይሩት። አለቀ።

ምልክት፦ ቺንጋው (ቀበቶው) በየጊዜው ይዘላል፣ ሞተሩ በሥራ ላይ የሚንሸራተት ይመስላል

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሰው ሁሉ ቺንጋ እየቀየረ ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚህ ነው።

ሞተሩ ሻንሲው ላይ የተቀመጠው በአራት ቡሎን ነው። አንዱ ሲላላ የቀሩት ሦስቱ ጭነቱን ይወስዳሉ፣ ቀጥሎ እነሱም ይላላሉ። ሞተሩ ጥቂት ሚሊሜትር ከተንሸራተተ ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ) ከመስመር ይወጣል፣ ቺንጋውም ይዘላል። ለመፈተሽ አንድ እጃችሁን ሞተሩና ሻንሲው የሚገናኙበት ቦታ ላይ አድርጉ፣ በሌላው ሞተሩን ወዘወዙ። ጣት ከዓይን ቀድሞ ያውቃል። በቡሎኑ ዙሪያ ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ደግሞ አትጠራጠሩ፤ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ የሚወጣ ዝገት ነው።

አሁን ቡሎኑን አጥብቃችሁ አትሂዱ። አውጡትና ቀዳዳውን እዩ። የኔ ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ሆኖ ነበር። እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ውስጥ ምንም ቡሎን ብታስገቡ ይላላል፤ ምክንያቱም ራሱ የሚያርፍበት ብረት አንሷል፣ ቡሎን ደግሞ የሚይዘው ሁለቱን ብረት በመጭመቅ እንጂ ቀዳዳ በመሙላት አይደለም። ስትጠብቁት እንደ ሞላ ጥቂት ይለጠጣል፤ ያ የመለጠጥ ኃይል ነው ብረቶቹን አጣብቆ የሚያቆማቸው። ብረቶቹ ወደ ጎን መንሸራተት ከጀመሩ ጥርሱ በየንቅናቄው ትንሽ ትንሽ እየዞረ ይፈታል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ይህንኑ በመሣሪያ አሳይቷል፤ ያ የተቆረጠው ባለ ሞላ ሮንዴላም ወደ ጎን ለሚመጣ ንቅናቄ እምብዛም አይረዳም።

መፍትሄው እንደ ጉዳቱ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ብቻ ከሰፋ፣ ከታችም ከላይም ወፍራም ጠንካራ ሮንዴላ አድርጉና በልኩ አጥብቁ። በጣም ከሰፋ ግን ወፍራም ሮንዴላ ማስበየድ ወይም ቀዳዳውን በትራፓኖ (መብሻ) አስፍቶ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ቡሎን ማስገባት ነው። እኔ አስበየድኩ። አራቱንም በአንድ ቀን ቀይሩ፤ ሦስት የደከመና አንድ አዲስ ቡሎን እኩል አይሸከሙም።

ምልክት፦ ከፊት ማርሽ ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር የኋላ ጎማ «ቋ» ይላል

ይህን ድምፅ የማርሽ ሳጥን ነው ብለው የሚደነግጡ አሉ። ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሞዞውን እዩ።

በነዚህ ትራክተሮች ላይ የኋላው ሞዞ፣ ማለትም ቸርኬው የሚታሰርበት ጊዛ (ቀልጦ በቅርፅ የፈሰሰ) ብረት፣ ሻፍቱን የሚይዘው በግማሽ ጨረቃ ቅርፅ በተቆረጠች ትንሽ ብረትና በአንድ ባለ አራት ማዕዘን ራስ ቡሎን ነው። ቡሎኗ ስትላላ ግማሽ ጨረቃዋ ቤቷ ውስጥ ትጫወታለች። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት። መጀመሪያ እሷ ትበላለች፣ ከዚያ ሻፍቱ ላይ ያለው ቤቷ ይሰፋል። በጊዜ ከተደረሰባት ጥቂት ብር ናት። ካለፈ ሻፍት ነው።

የኋላውን አንሱ፣ ደግፉ፣ ማርሽ ውስጥ አስገቡት። ጎማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙ፤ ሌላ ሰው የሻፍቱን ጫፍ ይይ። ጎማው ተንቀሳቅሶ ሻፍቱ ከቆመ ሌባውን ይዛችኋል። ሁለቱም አብረው ከተንቀሳቀሱ ሞዞው ደህና ነው፤ ክፍተቱ ማርሽ ሳጥን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሞዞው አልወጣም ካለ በመዶሻ አትምቱት። ጊዛ ይሰነጠቃል። ፑለር የሚባለውን ማውጫ ተከራዩ፣ ዝገት ፈቺ ዘይት አርከፍክፉና አሳድሩት። ሲወጣ ሻፍቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ አዲስ ግማሽ ጨረቃ አስገቡ፣ ሞዞውን መልሱ፣ ቡሎኗን አጥብቃችሁ የማቆሚያ ዳዶዋን እሰሩ። አንድ ሰዓት ከሠራችሁበት በኋላ እንደገና አጥብቁ። ይህን ሁለተኛውን ማጥበቅ የሚዘል ሰው በወሩ ተመልሶ ይመጣል።

ምልክት፦ ማጨጃው ይርገፈገፋል፣ ሳሩ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታጨዳል

ወዲያው አቁሙ። የቢላዋ ቡሎን ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም አደገኛው ነው። ጓንት አድርጉ፣ ቢላዋውን በእንጨት አግዱት፣ ቡሎኑን ሞክሩ። ጠብቆ ከተገኘ የቢላዋውን ጫፍ ይዛችሁ ወደላይና ወደታች አንቀሳቅሱ። ከተጫወተ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት) አልቋል፣ ወይም የዘንጉ ቤት ማጨጃው ላይ የታሰረበት ቡሎን ላልቷል። የቢላዋ ቡሎንን በሠፈር መደብር ቡሎን አትተኩት፤ በትራክተሩ ሞዴል የታዘዘውን ግዙ።

ምልክት፦ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይጮኻል፣ ቡሎኑ በየወሩ ይጠፋል

ሙቀት ነው። ውስጡ ናይለን ያለው ዳዶ ከማርሚታ ጋር አይሆንም፤ ናይለኑ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ አይችልም። ሙሉ ብረት የሆነ የማይላላ ዳዶ አድርጉ። ናይለኑ ሌላ ቦታ ጥሩ ነው፣ ግን በጣት ብቻ መዞር ከጀመረ ጣሉት።

መሪው ሩብ ዙር ባዶ ከዞረ ደግሞ የመሪ ሳጥኑ ሻንሲ ላይ የታሰረበትን ቡሎን ቀድማችሁ እዩ፤ የዘንጎቹ ጫፍ ቀጥሎ ይመጣል።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ላላ

ይህ የራሴ ጥፋት ነው። አንድ ክረምት ትራክተሩን ፈታትቼ ቀይ ቀለም ቀባሁት። ሦስት እጅ። ሙሽራ መሰለ። በሦስተኛው ሳምንት መቀመጫው፣ የእግር መርገጫው፣ ኮፈኑ ተራ በተራ ላሉ። ቡሎኖቹን ያጠበቅሁት ወፍራም ቀለም ላይ ነበር። ቀለሙ ከቡሎኑ ራስ ስር ቀስ እያለ ተጨፈለቀ፣ የተለጠጠው ቡሎንም ረገበ። መፍትሄው አሰልቺ ነው፤ ቡሎንና ሮንዴላ የሚያርፉበትን ቦታ ቀለሙን ፍቆ እንደገና ማሰር። ከመቀባታችሁ በፊት ቦታውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፣ እንደኔ አትልፉ።

ምልክት፦ ቡሎኑ ይዞራል እንጂ አይጠብቅም

ጥርሱ ተበልቷል። ዳዶ ከሆነ ሁለቱንም ቀይሩ። ጥርሱ ያለው አሉሚኒየም ውስጥ ከሆነ ሄሊኮይል የሚባለው የሽቦ ጥርስ ያድናል፤ ቀዳዳውን በልዩ ታፕ ጥርስ አውጥቶ ማስገባት ነው። ከቀድሞው የበለጠ ይጠነክራል።

አዲስ ስትገዙ ራሱን አንብቡ። የኢንች ቡሎን ራስ ላይ ምንም መስመር ከሌለ ደካማው ነው፣ ደረጃ 2። ሦስት መስመር ደረጃ 5፣ ስድስት መስመር ደረጃ 8። የሚሊሜትሩ ላይ 8.8 ወይም 10.9 ተጽፏል። ሶማሌ ተራ ቡሎን የመረጠ ሰው ይህን ራስ አገላብጦ ማየት ያውቃል። ለዚህ ትራክተር አብዛኛው ቦታ ደረጃ 5 ይበቃል። ጠንካራ ይሻላል ብሎ ሁሉን ቦታ ደረጃ 8 ማድረግ ጥቅም የለውም፤ ልቅ ሆኖ ከታሰረ እሱም ይላላል።

የማጥበቂያ ልኩ የማኑዋሉ ነው። ማኑዋል ከሌላችሁ ደረቅ ጥርስ ላለው ደረጃ 5፣ ሰፊ ጥርስ፣ ብረት ላይ የሚታሰር ቡሎን እነዚህን ያዙ (ኢንቹ የግንዱ ውፍረት ነው እንጂ የራሱ አይደለም)፦ 1/4 ኢንች ወደ 8 ፉት ፓውንድ (11 ኒውተን ሜትር)፣ 5/16 ወደ 17 (23)፣ 3/8 ወደ 31 (42)፣ 1/2 ወደ 75 (102)። ዘይት የነካው ከሆነ ቀንሱ። አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባን በዚህ አትሰሩ።

ሎክታይት (የቡሎን ጥርስ ማጣበቂያ) ከተጠቀማችሁ ሰማያዊውን። ቀዩ የሚፈታው በእሳት ነው፣ ቤንዚን ጋን አጠገብ እሳት ደግሞ ደግ አይደለም። ጥርሱን መጀመሪያ ከዘይት አጽዱ፤ ካልጸዳ ሎክታይቱ አይይዝም።

ካጠበቃችሁ በኋላ ከቡሎኑ ራስ እስከ ብረቱ አንድ ቀጭን መስመር በነጭ ቀለም እስክሪብቶ አስምሩ። ከዚያ ወዲያ ቁልፍ አያስፈልግም፤ ከማጨዳችሁ በፊት ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፣ መስመሩ የተሰበረበት ቡሎን ዞሯል። አንዱ ወድቆ ከጠፋ ደግሞ ሳሩን ሳታጭዱ ፈልጉት። እኔ ማግኔት በገመድ አስሬ ጓሮውን እጎትታለሁ። ቢላዋው ቀድሞ ካገኘው የጎረቤት መስኮት ነው የሚቀጥለው።